ከጠብታው ወደ ምንጩ

በሐዋሳ ከተማ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ብዙ ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር በምትገኝ አንዲት የሞተርሳይክል ጋራዥ፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው የክረምት ዝናብ ጥቂት ጋብ ባለበት ማለዳ፣ አንድ የገጠር የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ሞተርሳይክሉን እየገፋ ገባ። የኋላ ጎማዋ ጠርዝ በዘይት ረጥቧል፤ በግራ በኩልም ከማርሽ መርገጫው አንሥቶ እስከ ሰንሰለቱ መሸፈኛ ድረስ ያለው የሞተሩ አካል ጭቃና ዘይት ተለውሰው ስለ ደረቁበት የብረቱ መልክ ጠፍቷል። ወጣቱ ከዚህ ቀደም በሌላ ስፍራ የሲሊንደሩን የታች ጋስኬት አስለውጦ ገንዘቡን እንደ ከፈለ፣ ነገር ግን ዘይቱ ከመቆም ይልቅ እንደ ባሰበት በኀዘን ከተናገረ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ለክትባት ወደ ቀበሌ መውጣት አለብኝ፤ እባክዎ ዳር ዳሩን ሲሊኮን ይቀቡልኝና ልሂድ» ሲል ለመነ።

የጋራዡ ባለቤት፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ የፈጁ ሽበታም ሰው፣ ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድም ቁልፍ ሳያነሡ በሞተርሳይክሏ አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ እጃቸውንም በሞተሩ ሆድ ሥር ሰደው ጣታቸውን የነካውን ዘይት በብርሃን ካዩትና ካሸተቱት በኋላ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ከየት እንደሚወጣ ሳላውቅ ምኑን ልድፈነው? መጀመሪያ እንጠባት» ሲሉ መለሱለት።

ይህ መልስ በቃል አጭር ቢሆንም የጥገና ሙያ ሁሉ መሠረት በውስጡ አለበት። ብሎን መፍታትና ማጥበቅ እጅ ያለው ሰው ሁሉ በጥቂት ጊዜ የሚለምደው ሲሆን፣ የሚታየውን ምልክት አልፎ የማይታየውን ምክንያት መርምሮ ማግኘት ግን ትዕግሥትንና የነቃ ልቡናን የሚጠይቅ፣ በአገራችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋው በቅጡ ያልተቆረጠለት ሥራ ነው። የዚህች ሞተርሳይክል ጥገና ከማለዳ እስከ ሠርክ እንዴት እንደ ተከናወነ እዚህ የምንተርከውም ይህን የተዘነጋ ሥራ በሚገባው ክብር ለአንባቢ ለማሳየት ነው።

የእድፉ ማታለል

በመኪና ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት ሞተሩን ብቻ ሲያገለግል፣ ካምቢዮው የራሱ ዘይት በራሱ ቤት ውስጥ አለው። በዛሬዎቹ ባለ አራት ምት ሞተርሳይክሎች አብዛኞቹ ላይ ግን ያው አንዱ ዘይት ክራንክ ሻፍቱንና ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የማርሾቹን ጥርስ ከመፋጨት ይጠብቃል፣ የፍሪሲዮኑን ሸክላዎች ያርሳል፣ ሙቀትን ያጓጉዛል፣ የብረት ብናኝንም አጥቦ ይወስዳል። ይህን ሁሉ አገልግሎት የሚፈጽመው ዘይት በትንንሾቹ ሞተሮች ውስጥ መጠኑ 1 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለመኪና እዚህ ግባ የማይባል ጠብታ ለሞተርሳይክል የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከዚህም በላይ የሚያስፈራው ዘይቱ የሚያርፍበት ስፍራ ነው፤ ሁለት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ በኋላ ጎማው ጠርዝ ላይ ዘይት ተቀብቶ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ ነጂውን የሚያድነው የራሱ ብልሃት ሳይሆን የፈጣሪ ቸርነት ብቻ ነው።

ሆኖም ዘይት ከወጣበት ስፍራ አይቆይም። ከራሱ ባሕርይ የተነሣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተርሳይክሉ በሚሮጥበት ጊዜም ንፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ በሲሊንደሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል እየሾለከ፣ የመጋጠሚያዎችን መስመር እየተከተለ፣ በብሎኖች ራስ ዙሪያ እየተጠራቀመ፣ በመጨረሻ ከምንጩ እጅግ ርቆ በዝቅተኛው ጫፍ ላይ ጠብታ ሆኖ ይንጠለጠላል። ከሲሊንደሩ ራስ ክዳን ያላበ ዘይት በዚህ አኳኋን ተጉዞ ከታች ከመፍሰሻው ብሎን ሲንጠባጠብ የሚያይ ሰው ጥፋቱን በብሎኑ ላይ ይጭናል፤ ብሎኑንም እያጠበቀ የአሉሚኒየሙን ክር ይበጥሳል፤ አንድ የነበረው ደዌም ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በሙያው ያረጁ ሰዎች ከደረሱበት ደንብ አንዱ፣ የዘይትን ምንጭ ከእድፉ ይልቅ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ ካለው ስፍራ መፈለግ ነው።

ማታለሉ በዚህ አያበቃም። ሞተርሳይክል በጎን መቆሚያው ሲቆም ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ዘይቱ በግራው ወገን ይጠራቀማል፤ ስትሄድ ደርቃ የምትውል ሞተርሳይክል ስታድር ከሥሯ ኩሬ የምታበጀውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ሞተሩ ግሎ ካልሆነ በቀር የማይታይ መፍሰስ አለ። በሰንሰለት ላይ የተቀባው ቅባት በፊተኛው ፒኞን ዙሪያ ተረጭቶ የሞተር ዘይት መስሎ ይታያል፤ ከፊት ሹካው የሚወርድ ዘይትም በንፋስ ተወስዶ ሞተሩ ላይ ያርፋል። ባለሙያው መጀመሪያ ጣታቸውን ያሸተቱት ስለዚህ ነበር፤ የሞተር ዘይት ቃጠሎን ያለፈ፣ የጠቆረ፣ የሚሸት ነውና ከቅባትና ከሹካ ዘይት ጋር የለመደ ሰው አያምታታውም።

ማጠብና መጠበቅ

የጋራዡ ሁለት ለማጅ ልጆች ሞተርሳይክሏን ወደ ጓሮ ወስደው፣ የአየር መሳቢያዋንና የማርሚታዋን አፍ በላስቲክ ካሰሩ በኋላ፣ በናፍጣ በተነከረ ብሩሽ የጠጠረውን ጭቃና ዘይት ፈቀፈቁት። ከዚያም በሳሙና ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደራርቀው፣ በኮምፕረሰር ንፋስ እያንዳንዱን ጎድጓዳ ነፉት። ከጭቃው ሥር የወጣው ብረት ብርማ መልኩን ሲያሳይ ወጣቱ ባለ ሞተር ሞተርሳይክሉን እንደ አዲስ አየ፤ ሽበታሙ ሰው ግን ወደ ውስጥ ገብተው ተራ የሕፃናት ገላ ዱቄት ይዘው ተመለሱ፤ በሲሊንደሩ መጋጠሚያዎች፣ በግራና በቀኝ ክዳኖች ዳር፣ ከሞተሩ በሚወጡት ዘንጎች ሁሉ ዙሪያ ዱቄቱን ስስ አድርገው ነፉበት። ዘይት የነካው ዱቄት ነጭነቱን ለቆ ስለሚጠቁር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጠቆረው ስፍራ የምንጩ ስፍራ ነው። በሌላ አገር ባሉ ጋራዦች በዘይቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨምሮ በልዩ መብራት መመልከት የተለመደ ቢሆንም፣ ዱቄቱም በጥቂት ሳንቲም ያንኑ ምስክርነት ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ሞተርሳይክሏ በመሀል መቆሚያዋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የኋላ ጎማዋም ከመሬት ተነሥቶ፣ ሞተሩ ተነሣ፤ ማርሽም ገባ። ማርሽ የገባው ከፒኞኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ እንዲዞርና በእውነተኛ ጉዞ ላይ የሚደርስበት ሁሉ እንዲደርስበት ነበር፤ ልጆቹም ከሚዞረው ጎማና ከሰንሰለቱ ራቅ እንዲሉ ታዘዙ። ሞተሩ እስኪሞቅ በተጠበቀበት ጊዜ ሽበታሙ ሰው የሚቻሉትን ምክንያቶች ለለማጆቹ መዘርዘር ጀመሩ፤ አነጋገራቸውም የአንድምታ መምህር በጉባኤ መካከል ቆሞ አንዱን ኃይለ ቃል ከሌላው ሳያጋጭ ትርጓሜውን እንደሚያወርድ ዓይነት ነበር። «አንድም የክዳኑ ጋስኬት ተበልቶ ነው፤ አንድም ብሎኑ ላልቶ ነው፤ አንድም የክዳኑ ፊት ተቧጭሮ ነው፤ አንድም የፒኞኑ ዘንግ ኦይል ሲል ደርቆ ነው፤ አንድም ዘይቱ ከልኩ አልፎ ነው፤ አንድም ሞተሩ መተንፈሻ አጥቶ ነው» አሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህር አንድምታውን ሁሉ አክብሮ እንደሚይዝ ሁሉ እርሳቸውም ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ከስድስቱ አንዱንም አልጣሉም፤ የችኩል ባለሙያ ጉድለት ግን የመጀመሪያውን «አንድም» ይዞ መሮጡ ነው።

የዘር ጥያቄ

ወጣቱ በትዕግሥት ማጣት፣ «ጋሼ፣ ምክንያቱማ የቻይና ዕቃ መሆኗ ነው» አለ። ብዙ ሰው የሚለውን ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ዘይት መጣል የአንድ አገር ዕቃ ዕጣ ፈንታ ነው የሚለው አሳብ በታሪክ ፊት ሲቀርብ ጸንቶ አይቆምም።

በሞተርሳይክል ታሪክ ውስጥ ዘይት በመጣል ስማቸው ከሁሉ አብልጦ የተነሣው ቻይናውያን ሳይሆኑ በዘመናቸው ዓለምን ይመሩ የነበሩት እንግሊዛውያን ናቸው። ኤድዋርድ ተርነር የነደፈው፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራያምፍ ስፒድ ትዊን ለብዙ ዓመታት የሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል፤ ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ቤት ግን ከላይ እስከ ታች በቁም ተከፍሎ የተጋጠመ ነበርና መጋጠሚያው ዘይቱ በሚወርድበት በታችኛው ወለል በኩል ያልፍ ነበር። ፋብሪካዎቹ በአሮጌ የብረት መቁረጫ መኪናዎች ሲሠሩ በኖሩ መጠን የሁለቱ ክፋዮች ፊት እንደሚገባው አልተካከለም፤ ባለ ሞተሮቹም ከሞተርሳይክላቸው ሥር ዕቃ ማስቀመጥን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀበሉት። በዚያው ዘመን ሶይቺሮ ሆንዳ የተባለው ጃፓናዊ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ገና ትንሽ በነበረው ኩባንያው ላይ ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ከውጭ አገር የታወቁ የብረት መቁረጫ መኪናዎችን አስመጣ። በ1958 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ኩባንያ የወጣችው ሱፐር ከብ የተባለችው ሞተርሳይክል በ2017 እ.ኤ.አ. ምርቷ ከ100 ሚሊዮን በለጠ። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ አራት ሲሊንደር ሲ.ቢ. 750 ደግሞ የሞተሩ ቤት በአግድም የተከፈለ በመሆኑ መጋጠሚያው ዘይቱ ከሚወርድበት ወለል ከፍ ብሎ የሚያልፍ ሆነ። በሜሪደን የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ለመዘጋቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም ዘይት መጣልን ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ የተቀበለውና ምክንያት አለው ብሎ የመረመረው መንገዳቸው እንዴት እንደ ተለያየ ይህ ታሪክ ያስተምራል።

በጋራዡ ውስጥ የቆመችውም ሞተርሳይክል የዚሁ ምርመራ የልጅ ልጅ ናት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሆንዳ ሲ.ጂ. 125 የተባለውን ሞተር ሲነድፍ፣ ዘይት በወቅቱ የማይለወጥላቸውና ከመጠን በላይ የሚጫንባቸው፣ በአቧራማ መንገድ የሚሮጡ ሞተርሳይክሎች በታዳጊ አገሮች እንዴት እንደሚጎዱ አስቀድሞ አጥንቶ ነበር። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ካም ከሲሊንደሩ ራስ አውርዶ በታች አስቀመጠው፤ ቶሎ የሚያልቀውን የካም ሰንሰለት አስቀርቶ በማርሽና በዘንግ ተካው፤ ስፋቱ 124 ሲ.ሲ. የሆነውን ይህን ሞተርም ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲህ እየቀዱ ሠሩት። የክራንኩ ቤት እንደ እንግሊዞቹ በቁም የተከፈለ ቢሆንም ፊቱ ተስተካክሎ ከተቆረጠ ዓመታት ሙሉ ደርቆ ይኖራል። ሽበታሙ ሰው ይህን ሁሉ ሐተታ ሳያስፈልጋቸው፣ «ልጄ፣ የዚችው ታላቅ እኅት እዚህ ደጃፍ ላይ ስንት ዓመት ሠርታ ጠብታ አልጣለችም፤ ዘሯን ተወውና ዱቄቱን እይ» አሉት።

የታፈነው እስትንፋስ

ዱቄቱም ተናገረ። አስቀድሞ የጠቆረው በግራ በኩል በፒኞኑ ዘንግ ዙሪያ ያለው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ የማርሽ መርገጫው ዘንግ ሥር ረጠበ፤ ወጣቱም «ይኸው ተገኘ!» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ ሽበታሙ ሰው ዞረው በቀኝ በኩል በማስነሻው ዘንግ ዙሪያም ዱቄቱ መጥቆሩን አሳዩት። ከዚህ ቀደም ገንዘብ የተከፈለበት የሲሊንደሩ የታች መጋጠሚያ ግን እንደ ነፉበት ነጭ ሆኖ ቀረ።

ቀኙ ወገን ማፍሰሱ ታላቅ ማስረጃ ነበር። ሦስት ኦይል ሲሎች በአንድ ጊዜ ማርጀታቸው የማይመስል ነገር ሲሆን፣ ቀጥ ብላ በቆመች ሞተርሳይክል ላይ የቀኙ ዘንግ ከግራዎቹ ጋር አብሮ መርጠቡ ደግሞ ዘይቱ በክብደቱ ፈስሶ ሳይሆን ከውስጥ ተገፍቶ መውጣቱን ያመለክታል። ሦስቱም ከአንድ ኃይል የተነሣ እየተሸነፉ ነበርና ፍለጋው ከሦስቱ ኦይል ሲሎች ወደዚያ ኃይል ተመለሰ።

ያ ኃይል ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በሞተሩ ውስጥ ያለውን አየር ማሰብ ያስፈልጋል። ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ በላዩ ያለውን ድብልቅ ብቻ ሳይሆን በሥሩ ያለውንም አየር ይገፋል፤ 124 ሲ.ሲ. በሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ውስጥ የክራንኩ ቤት ስፋት በየምቱ በዚያው ልክ ይጠባል ይሰፋልም። በደቂቃ 7,500 ዙር ሲዞር ይህ ነገር በሴኮንድ 125 ጊዜ ይደጋገማል። ከዚህም በላይ የፒስተን ፋሻ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ጥቂት የቃጠሎ ጋዝ በዳርቻው ሾልኮ ወደ ክራንኩ ቤት መውረዱ አይቀርምና፣ ይህ ሁሉ አየርና ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ተበጅቷል፤ በብዙዎቹም ላይ ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ አየር ማጣሪያው ሣጥን የሚሄድ የጎማ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሲደፈን ግፊቱ መውጫ ይፈልጋል። ዘንጎችን ከበው የሚቀመጡት ተራ ኦይል ሲሎች ደግሞ ዘይትን ለመያዝ እንጂ ከግማሽ ባር የበለጠ ግፊትን ለመቋቋም የተሠሩ ባለመሆናቸው ከሁሉ አስቀድመው እጅ ይሰጣሉ።

ሽበታሙ ሰው ሞተሩ በዝግታ እየዞረ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ጥቂት ላላ አደረጉት፤ ከውስጡም የታመቀ ትንፋሽ «ፍስ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ሰልባቲዮውን አነሡና መተንፈሻውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉት። ቱቦው በሞተሩ መያዣ ብረትና በፍሬሙ መካከል ተጣብቆ ተጨፍልቋል፤ የታችኛውን ጋስኬት ለመለወጥ ሞተሩ በተነካ ጊዜ ከስፍራው ወጥቶ ሳይታይ የቀረ ነበር። ቱቦው ሲወጣም ውስጡ ነጣ ባለ ዝልግልግ ተሞልቶ ተገኘ፤ ይህም በአጫጭር ጉዞ በቅጡ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ከዘይት ጋር ተመትቶ የሚፈጥረው ነው። ዘይት እንዳይፈስ ታስቦ የተደረገው ጥገና ራሱ የባሰ መፍሰስን አመጣ ማለት ነው፤ ባለ ሞተሩ ስለምን እንደ ባሰበት ያልገባውም ነገር በዚህ ተገለጠ።

አንድ ምክንያት ተገኘ ብለው ግን ፍለጋውን አላቆሙም። ዘይቱን ወደ ንጹሕ ጎድጓዳ ዕቃ አፍስሰው በለኩት ጊዜ ከልኩ ሩብ ሊትር ያህል በልጦ ተገኘ። ወጣቱ ዘይት እየጎደለ ስለ መሰለው ማታ ማታ ሞተርሳይክሉን በጎን መቆሚያ አቁሞ በመለኪያው እያየ ይጨምር ነበር፤ መለኪያው በቀኝ በኩል ስለሆነና ሞተሩ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ዘይቱ ከመለኪያው ይሸሻል፤ ሞልቶ ሳለም ጎዶሎ ሆኖ ይታያል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ትክክለኛው አለካክ ሞተርሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ሞተሩን ጥቂት አስነሥቶ ካጠፉ በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ መታገሥ፣ መለኪያውንም ጠርጎ ክሩን ሳያጠብቁ እንዲያው አስገብቶ ማውጣት ነው። ልኩን ያለፈ ዘይት በክራንኩ እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ በአየሩ መቀመጫም ስለሚገባ ግፊቱን ያብሳል።

የቀረው ጥርጣሬ የፒስተኑ ፋሻ ነበር፤ ፋሻው አልቆ ቢሆን ቱቦውን ማጽዳት ብቻውን አይበቃምና። ቱቦው ተጠርቶ ሞተሩ እንደ ገና ሲነሣ ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው ትንፋሽ ቀላልና ጢስ አልባ ሆነ፤ በማርሚታውም በኩል ዘይት የሚበላ ሞተር የሚያወጣው ሰማያዊ ጢስ አልታየም፤ የማስነሻው ፔዳልም ሲረገጥ ጠንካራ ተቃውሞ ነበረው። ስለዚህ የሞተሩ ልብ ጤነኛ መሆኑ ተመሰከረለት፤ ወጣቱም ሳያስፈልግ ሲሊንደር ከማስከፈት ወጪ ዳነ።

ኦይል ሲሉና ወረቀቱ

ግፊቱ ቢወገድም የፒኞኑ ዘንግ ኦይል ሲል ከንፈሩ ስለ ተበላ መለወጥ ነበረበት። ኦይል ሲል በብረት ቀለበት ላይ የተሠራ የጎማ ከንፈር ሲሆን፣ በጀርባው ያለች ቀጭን የጥምዝ ሽቦ ከንፈሩን በሚዞረው ዘንግ ላይ በልኩ ታሳርፈዋለች፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ናይትራይል የተባለው ጎማም ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ዘወትር ሲቆይ እየደረቀ ይሰነጠቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ ዕቃ በሁለቱ የሞተር ቤት ክፋዮች መካከል ስለሚታሰር ሞተሩ ካልተከፈተ አይወጣም፤ በዚህኛው ላይ ግን ፒኞኑ ሲወልቅ ከውጭ የሚደረስበት ሆነ። ሽበታሙ ሰው የአሉሚኒየሙን መቀመጫ እንዳይጭሩ እየተጠነቀቁ አሮጌውን አውጥተው ዘንጉን በጥፍራቸው ሲዳስሱት፣ ከንፈሩ ለዓመታት ባረፈበት መስመር ላይ ቀጭን ቦይ ተቆፍሮ አገኙ። አዲሱ ኦይል ሲል በዚያው ቦይ ላይ ቢያርፍ በሳምንት ውስጥ እንደሚያፈስ ያውቁ ነበርና፣ ከቀድሞው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ አድርገው በጤነኛው የዘንጉ ገላ ላይ አሳረፉት። ከማስገባታቸው በፊትም የዘንጉ ጥርስ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው በስስ ላስቲክ ጠቀለሉት፤ ከንፈሩን በግራሶ አራሱት፤ ሽቦ ያለበትን ወገን ወደ ዘይቱ አዞሩ፤ ስፋቱ በተስማማ የቱቦ ቁራጭም ዙሪያውን እኩል እየመቱ አስገቡት። ቦዩን ያፋጠነው አንዱ ምክንያት የሰንሰለቱ ከመጠን በላይ መወጠር ነው ብለው፣ መሀሉ በጣት ሲነሣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲጫወት አላሉት።

ከለማጆቹ አንዱ በዚያን ጊዜ ፒኞኑ ሲወልቅ አብሮ ለተፈታው የግራ ክዳን ጋስኬት ይሠራ ነበር። የጋስኬት ወረቀቱን በክዳኑ ፊት ላይ ዘርግቶ፣ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን እየነካካ የክዳኑን ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ያወጣል፤ የብሎኖቹንም ቀዳዳ በዚያው ዘዴ ይበሳል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ወረቀት ሥራው በሁለቱ ብረቶች ፊት ላይ ያለውን ጥቃቅን ጉድለት መሙላት ስለሆነ፣ ብረቶቹ ካልጸዱና ካልተስተካከሉ የሚጠቅመው ነገር የለም። ከዚህ ቀደም በክዳኑ ላይ በብዛት የተለቀለቀውን ሲሊኮን ልጁ በእንጨት ጫፍ እየፋቀ አነሣው፤ ብረት በብረት ቢፋቅ የሚቀረው ጭረት አዲስ የዘይት መንገድ ይሆናልና። ሲሊኮን በራሱ ክፉ አይደለም፤ በስስ ተቀብቶ በሚገባው ስፍራ ያገለግላል። ነገር ግን ሲበዛ ወደ ውስጥ ተጨምቆ የሚገባው ትርፍ ተቆርሶ በዘይቱ መሳቢያ ወንፊት ላይ ሲያርፍ ዘይቱ ወደ ክራንኩ እንዳይደርስ ያግዳል፤ ከውጭ የደረቀ የሚመስል ሞተርም ከውስጥ ተቃጥሎ ይቆማል። ወጣቱ በማለዳ የለመነው ነገር ይህ ነበር።

ክዳኑ ሲገጠም ብሎኖቹ አስቀድሞ ሁሉም በእጅ ገቡ፤ ከዚያ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተሻገሩ በሁለትና በሦስት ዙር ጠበቁ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር የክዳን ብሎን የሚፈልገው የማዞር ኃይል ወደ 10 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የዘይት መፍሰሻው ብሎን በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ሲሰፋ ብረት ግን 12 እጅ ያህል ብቻ ስለሚሰፋ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ያለ ልክ የጠበቀ ብሎን ሞተሩ ሲግል ክሩን ይበልጥ ይጎትታል። «ጉልበት ያለው ሁሉ ያጠብቃል፤ ልክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው» ያሉት ሽበታሙ ሰው፣ የመፍሰሻውን ሮንዴላ በአዲስ ከለወጡ በኋላ ብሎኑን ራሳቸው አጠበቁት።

የሚፈሰው ወዴት ይሄዳል

አሮጌው ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ጥግ ተቀመጠ። በብዙ ስፍራ እንደ ልማድ ሆኖ በጋራዥ ደጃፍ ይደፋል፤ አቧራ ለማብረድ በመንገድ ላይ ይረጫል። በሐዋሳ ግን ይህ ልማድ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የከፋ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃን ወንዝና የከተማውን ጎርፍ ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚያፈስበት ወንዝ የሌለው ዝግ ሐይቅ ስለሆነ፣ ውኃው በትነት ሲሄድ በውስጡ የገባው ክፉ ነገር ግን እዚያው ይቀራል። ያገለገለ ዘይት ከሞተሩ ያጠበውን የብረት ብናኝና የቃጠሎውን ጥላሸት ይዞ የሚመጣ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥለው፣ አምባዛውና ቆሮሶው የሚኖሩት ደግሞ በዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚንጠባጠብ ሞተርሳይክል የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሊባል አይገባውም፤ በመንገድ ላይ የወደቀው ጠብታ ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

የመፈለግ ዋጋ

አዲስ ዘይት በልኩ ተሞልቶ፣ ዱቄቱ እንደ ገና ተነፍቶ፣ ሞተርሳይክሏ እስከ ከተማው ዳር ደርሳ በተመለሰች ጊዜ ዱቄቱ ነጭ ነበረ። የፒኞኑ ዘንግ ኦይል ሲል ሲለወጥ ሌሎቹ ሁለቱ ሳይነኩ ደርቀው ቆዩ፤ ይህም በእነርሱ ላይ የነበረው ነገር እርጅና ሳይሆን ግፊት ለመሆኑ የመጨረሻው ማረጋገጫ ሆነ። ሽበታሙ ሰው ወጣቱ በያዘው የሥራ ማስታወሻ ላይ የተገኘውን ምክንያት፣ የተለወጠውን ዕቃና የተሞላውን የዘይት መጠን በሦስት መስመር ጽፈው ፈረሙበት።

ሂሳብ ሲደረግ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ኦይል ሲሉ፣ ወረቀቱ፣ ሮንዴላውና ዘይቱ ተደምረው ዋጋቸው ታወቀ፤ የቀኑ ድካም ሁሉ ያረፈበት መታጠቡ፣ መጠበቁ፣ መመርመሩና የተሳሳተውን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ መዝጋቱ ግን በሂሳቡ ላይ ስም አልነበረውም። በአገራችን ባለ ንብረቱ ለዕቃና ለብሎን ይከፍላል፤ ለእውቀት መክፈል ግን እንደ መታለል ይቆጥረዋል። ከዚህም የተነሣ ባለሙያው የሚኖረው ዕቃ በመለወጥ ስለሆነ፣ ያልታመመውን እየለወጠ የታመመውን ይተዋል፤ ለዚህች ሞተርሳይክል የታች ጋስኬት የለወጠላትም ሰው ምናልባት ክፋት የሌለው፣ ለማየት ጊዜ ያልተከፈለው ሰው ነበር።

ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ሁሉ የምንለው ግልጽ ነው። የጋራዥ ባለቤት ዋጋውን በሁለት ከፍሎ ይናገር፤ አንዱ ምክንያቱን ለማግኘት፣ ሌላው የተገኘውን ለማበጀት ይሁን። ባለ ሞተርም ወደ ጋራዥ ሲሄድ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ ከመሄድ ይልቅ የሆነውን ሁሉ፣ የጨመረውንም ዘይት ሳይደብቅ፣ በእውነት ይናገር፤ ቸኩሎም ቢሆን ለማጠብና ለመጠበቅ የሚሆን ጊዜ ይስጥ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መፍታትንና መግጠምን እንደሚያስተምሩ ሁሉ ምልክትን ከምክንያት መለየትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ይያዙት፤ ተማሪውንም ያበጀው ነገር ቢሠራለት ብቻ ሳይሆን ስለምን እንደ ሠራ ማስረዳት ሲችል ያሳልፉት። ያ ወጣት ከሰዓት በኋላ ሊወጣ አስቦ በማግሥቱ ማለዳ ወጣ፤ የግማሽ ቀን መዘግየቱ ግን ያስወጣው ወጪ ቀድሞ በከንቱ ከከፈለው ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ለተገኘለት ጥገና አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ምክንያቱ ላልተገኘለት ግን በየወሩ መክፈል ግድ ነው።